እንጨቱ የትኛውን ቤት ይልመድ?

አናጢው፦ ካርቶኑ ላይ «ከመነጠፉ በፊት 48 ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ይቆይ» የሚል ተጽፏል። አይቼዋለሁ። ግን ልጄ፣ ካርቶኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ነፋስ በማይገባው ላስቲክ ውስጥ ሁለት ቀን የተኛ ላሚኔት የነቀምቴን አየር በየት በኩል ነው የሚለምደው?

መሐንዲሷ፦ እውነትዎን ነው ጋሼ። በሁለት ቀን ውስጥ ላሚኔቱ የሚለምደው በዋናነት ሙቀቱን ነው፤ እርጥበቱ ቀስ ብሎ፣ ለዚያውም ከጫፍ ከጫፉ ነው የሚገባው። ቢሆንም ሙቀቱም የሚናቅ አይደለም። ዕቃው ከቻይና ወይም ከቱርክ በኮንቴይነር ተጭኖ ጅቡቲ ፀሐይ ላይ ይቆማል፣ ሞጆ ያርፋል፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦና በባኮ አድርጎ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ እዚህ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ ሌላ አየር ይጠብቀዋል። ሌሊት አውርደው ጠዋት ከነጠፉት ከመኪናው ያመጣውን ጠባይ ይዞ ነው መሬት የሚይዘው።

አናጢው፦ መመሪያውን የጻፈው ሰው ግን የእኛን ቤት አያውቅም። ላሚኔት የስዊድን ሥራ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

መሐንዲሷ፦ ልክ ነው፤ ፐርስቶርፕ የሚባል የስዊድን ኩባንያ ነው እ.ኤ.አ. በ1977 የፈጠረው። ስዊድኖችንማ ነቀምቴ ከላሚኔቱ በፊት ታውቃቸዋለች። ሚስዮናውያናቸው በ1920ዎቹ እዚህ ነበሩ።

አናጢው፦ ሰዎቹን እናውቃቸዋለን፤ ቤታቸውን ግን አናውቀውም። እዚያ ቤቱ በብርዱ ወራት ሁሉ በማሞቂያ ይሞቃል፣ መስኮቱ ተዘግቶ ይከርማል። ስለዚህ ክፍሉ ከ18 ዲግሪ በላይ ይሁን፣ የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 70 በመቶ ይሁን ብሎ መጻፍ ይቻላል። በእኛ ሰፈር በበከኒሳ ቀሴ ግን ዝናቡ ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጥላል። በሐምሌ ግድግዳው ራሱ ያልባል፤ ልብስ ተሰጥቶ ሳምንት አይደርቅም። በዚያ ወር 70 በመቶ የሆነ ክፍል አሳዪኝና ካርቶኑን አስገባልሻለሁ።

መሐንዲሷ፦ ታዲያ መመሪያው ስለማይሆን ምንም ሳናደርግ እናንጥፍ?

አናጢው፦ አላልኩም። የእናንተ ሁለት ቀን ሦስት ቀን ለሰው መተማመኛ ሆነ ነው ያልኩት። አንዱ ጣውላ ይገዛል፣ ሦስት ቀን ሳሎን ውስጥ ይከምራል፣ «ለምዷል» ብሎ ያስነጥፋል። በጥር ስንጥቁ እስክሪብቶ ያስገባል። ከዚያ ጥፋቱ የአናጢው ነው። እስኪ ላሚኔቱን እንተወውና የእኔን ሥራ፣ ፓርኬውን እናንሣ።

መሐንዲሷ፦ እሺ፣ ፓርኬውን እናንሣ። የሚከምሩት ጣውላ መጀመሪያውኑ ደርቆ ነበር ወይ?

አናጢው፦ ሻጩ «ደረቅ ነው» ይላል። ደረቅ ያልሆነ ጣውላ የሚሸጥ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

መሐንዲሷ፦ ሦስት ቀኑ የከሸፈው እዚያ ላይ ነው። በቅርብ የተሰነጠቀ እንጨት ከክብደቱ ትልቅ ድርሻው ውሃ ነው። ያ ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶ ገደማ እስኪደርስ ድረስ ሲወጣ እንጨቱ መጠኑን አይቀንስም፤ መኮማተር የሚጀምረው ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። ሁለት ሴንቲ ተኩል ውፍረት ያለው ጣውላ በመሃሉ ነፋስ እንዲያልፍ ተደርድሮ፣ ከላይ ተከድኖ አንድ ዓመት ገደማ ሊቆይ ይገባዋል ነው የሚባለው። ማለማመድ ማድረቅ አይደለም። ማለማመድ የደረቀው እንጨት የመጨረሻዋን ጥቂት በመቶ ከቤቱ ጋር እንዲያስተካክል ዕድል መስጠት ነው።

አናጢው፦ የወለጋ እንጨት ለምን ሳይደርቅ እንደሚሸጥ ታውቂያለሽ? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። መልካም ነው፣ ደኑ ማለቁን በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ። ግን ተደብቆ የተቆረጠ ዋንዛ በገላጣ ቦታ ዓመት ሙሉ ተደርድሮ ሊደርቅ አይችልም። ዛሬ ሌሊት ይሰነጠቃል፣ ነገ ይሸጣል። ስለዚህ እጄ የሚገባው እርጥብ ነው።

መሐንዲሷ፦ ይህ ከአየሩም ከመመሪያውም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። ከየት እንደመጣ ሊናገሩት የሚችሉት፣ ፈቃድ ያለው እንጨት ብቻ ነው በግልጽ ቦታ ሊደርቅ የሚችለው። ወለሉ እንዳይሰነጠቅ የሚፈልግ ባለቤት የዋንዛውን ምንጭ ከመጠየቅ መጀመር አለበት። ከገበሬ ማሳ በፈቃድ የተቆረጠ፣ ወይም የባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ቢሆንም፣ ታሪኩ የሚታወቅ እንጨት ይሻላል።

አናጢው፦ ባሕር ዛፍ ይጣመማል።

መሐንዲሷ፦ ይጣመማል፤ በተለይ ሳይደርቅ ከተነጠፈ።

አናጢው፦ ደርቋል እንበል እንግዲህ። ዓመት ቆይቷል፣ ምንጩም ይታወቃል። አሁን ጥያቄዬን ስሚኝ። ከአየሩ ጋር እየተስማማ የሚወጣ የሚወርድ ነገር ነው እንጨት፤ ይህን አንቺም አልክድም ትያለሽ።

መሐንዲሷ፦ አልክድም። ቁጥሩም ይታወቃል። የክፍሉ አየር እርጥበት 50 በመቶ ሆኖ ከቆየ እንጨቱ 9 በመቶ ገደማ ውሃ ይዞ ይረጋል። አየሩ 80 በመቶ ሆኖ ከቆየ 16 በመቶ ገደማ።

አናጢው፦ ጥሩ። በነቀምቴ ቤት በጥር 50 በመቶ፣ በነሐሴ 80 በመቶ ቢሆን አይገርመኝም፤ አንቺንም አይገርምሽም። ማሞቂያ የለም፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ውጭ ያለው አየር ውስጥ ነው። ስለዚህ እንጨቱ በየዓመቱ ከ9 ወደ 16፣ ከ16 ወደ 9 ይመላለሳል። እንግዲህ በየትኛው ነው የማለማምደው? በጥር ካለማመድኩት ደርቆ፣ ጠብቆ ይነጠፋል፤ በነሐሴ ያብጥና ግድግዳውን ይገፋል፣ መሃሉ ይነሣል። በነሐሴ ካለማመድኩት ደግሞ ያበጠውን አጋጥሜ እነጥፈዋለሁ፤ በጥር ይሸሻል። ማለማመዱ ራሱ ነው ያሳተኝ። ባላለማምደው ይሻለኝ ነበር።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ ከሰማሁት ሁሉ ጠንካራው ይሄ ነው። በከፊል እቀበለዋለሁ። እንጨቱ የሚለምደው ክፍል የተሳሳተ ከሆነ ማለማመድ ጉዳት ነው። በነሐሴ፣ ሊሾው ገና እርጥብ በሆነ፣ ልስኑ ባልደረቀ፣ መስኮቱ መስታወት ባልገባበት ቤት ውስጥ ደረቅ ጣውላ ማስገባት እንጨቱን ውሃ ማጠጣት ነው። ግን ከዚያ የሚከተለው «አታለማምዱ» አይደለም፤ «ሰው የሚኖርበትን ቤት አለማምዱት፣ የሚሠራበትን ቤት አይደለም» ነው።

አናጢው፦ ሰው ገና አልገባበትም። ያልተኖረበትን ቤት ጠባይ ማን ያውቃል?

መሐንዲሷ፦ ጎረቤቱ። በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ዓይነት ጣሪያ ሥር ዓመታት የቆየ ቤት አለ። የውስጥ በሩ፣ ጠረጴዛው፣ ቁም ሣጥኑ ብዙ ክረምትና ብዙ በጋ አይተዋል። የእርጥበት መለኪያ መርፌ ኅዳር ላይ ያ በር ላይ ቢተክሉ ለአዲሱ ወለል የሚሆነውን መካከለኛ ቁጥር ይነግርዎታል። 12 ወይም 13 አካባቢ ቢወጣ ጣውላዎን እዚያ ላይ እስኪደርስ ጠብቀው ያንጥፉት። ያኔ ወደ ነሐሴ ሦስት ተኩል ይወጣል፣ ወደ ጥር ሦስት ተኩል ይወርዳል፤ ሰባቱን በአንድ ወገን አይሸከምም።

አናጢው፦ መለኪያው የለኝም። የሰፈሩ አናጢም የለውም።

መሐንዲሷ፦ ሚዛን አለ። ከጣውላው ቁራጭ ይቁረጡ፤ ግራም በሚያሳይ የኩሽና ሚዛን ይመዝኑት። ከዚያ በምድጃ፣ ከ100 ዲግሪ እምብዛም በማይበልጥ ሙቀት፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ያድርቁት። 448 ግራም የነበረው 400 ላይ ከቆመ፣ የወጣው 48 ግራም ከ400ው 12 በመቶ ነው። ይህ ቤተ ሙከራው የሚሠራበት መንገድ ራሱ ነው። ሌላ አንድ ሙሉ ጣውላ ደግሞ ምልክት ያድርጉበትና ክፍሉ ውስጥ በየሁለት ቀኑ ይመዝኑት፤ ክብደቱ አልንቀሳቀስ ሲል ከክፍሉ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ሦስት ቀን ሊሆን ይችላል፣ ሦስት ሳምንትም። የወለጋ ሰው ይህን ከቡናው ያውቃል እኮ! ጊምቢ ምርት ገበያው ዘንድ ቡና ሲደርስ እርጥበቱ ይለካል፤ ወደ 12 በመቶ ገደማ ካልወረደ ገበሬው «አሥራ አምስት ቀን አሰጥቼዋለሁ» ቢል የሚሰማው የለም። ለቡና ቀን አንቆጥርም። ለእንጨት ለምን እንቆጥራለን?

አናጢው፦ ቡናው ስለሚሸጥ ነው የሚለካው። ወለሉ ሲሰነጠቅ ግን የሚለካው እኔ ነኝ። ይሁን። አሁን ከሥር እንሂድ። እኔ ከነጠፍኳቸው ወለሎች የተበላሹት አብዛኞቹ ከላይ ከአየሩ አይደለም፣ ከሥር ከሊሾው ነው። ኮንትራክተሩ ሊሾውን ያፈሳል፣ «28 ቀን ሞልቶታል፣ ግባ» ይለኛል።

መሐንዲሷ፦ 28 ቀን የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካበት ቀን ነው። ድርቀት ሌላ ነገር ነው። በተለመደው ግምት ኮንክሪት በደህና አየር ሁለት ሴንቲ ተኩል ያህል ውፍረት ለማድረቅ አንድ ወር ይፈልጋል፤ አሥር ሴንቲ ወለል አራት ወር ማለት ነው። በነቀምቴ ክረምት ከዚያም ይረዝማል። ከሥሩ ድንጋይ ብቻ ተደርጎ ላስቲክ ሳይነጠፍ የተሞላ ምድር ቤት ከሆነማ ከመሬቱ እየጠጣ ይኖራል እንጂ አይደርቅም።

አናጢው፦ እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። 45 ሴንቲ በ45 የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ ሊሾው ላይ አነጥፍና አራቱን ጠርዝ በፕላስተር አሽጋለሁ። ሌሊቱን አድሮ በማግሥቱ ከሥሩ ጠል ከያዘ ወይም ሊሾው ከጠቆረ መሣሪያዬን ይዤ እሄዳለሁ። የእኔ ማለማመድ ይሄ ነው። ቤቱን ነው የማለማምደው፣ እንጨቱን አይደለም።

መሐንዲሷ፦ ይህን ምርመራ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ብዙ አገር ይሠራበታል። ግን ላስቲኩ ውሃ መኖሩን እንጂ መጠኑን አይነግርዎትም። ደግሞ ሊሾው ደርቆ እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ቢመጣስ? ላስቲኩ ስለ ጣውላው ምንም አይልም።

አናጢው፦ ለጣውላው ሌላ መላ አለኝ። አንደኛ፣ ጠባብ እነጥፋለሁ፤ ከስድስት ሴንቲ አላልፍም። እንቅስቃሴው በብዙ መጋጠሚያ ላይ ሲበተን ዓይን አያየውም። ሁለተኛ፣ ወደ ግንዱ ልብ አቅጣጫ የተሰነጠቀውን እመርጣለሁ፤ በጎኑ ከተሰነጠቀው በግማሽ ያህል ነው የሚንቀሳቀሰው። ሦስተኛ፣ ከግድግዳው በያንዳንዱ ወገን አንድ ሴንቲ ከሁለት ሚሊ እተውና ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ቫርኒሹ ደግሞ እርጥበቱን ያዘገየዋል። ይህን ያደረገ አናጢ ሚዛን አያስፈልገውም።

መሐንዲሷ፦ እንቁጠረው እስኪ። አራት ሜትር ስፋት ያለው ክፍል አለን። በጎኑ የተሰነጠቀ ጣውላ የያዘው ውሃ አንድ በመቶ በተለወጠ ቁጥር ስፋቱ ከመቶ ሩብ ያህል ይለወጣል። ሰባት በመቶ ለውጥ በአራት ሜትር ላይ ሰባት ሴንቲ ነው። እርስዎ ልቡን በመምረጥ ወደ ሦስት ተኩል አወረዱት፤ እጅ የሚነሣ ጥበብ ነው። በዞኮሎ ሥር የተዉት ግን በሁለቱ ወገን ተደምሮ ሁለት ሴንቲ ከአራት ሚሊ ነው። አሁንም አንድ ሴንቲ ከምናምን ቤት አጥቷል። ቫርኒሹ ያዘገያል እንጂ አያስቀርም፤ የነቀምቴ ክረምት ደግሞ ለመዘግየት ጊዜ የሚሰጥ አጭር ክረምት አይደለም። ከመካከለኛው ቁጥር ከጀመሩ ግን ሲያብጥም ሲሸሽም የሚሄደው በድምሩ አንድ ከሦስት ሩብ ሴንቲ ብቻ ነው፤ እርስዎ በተዉት ክፍተት ውስጥ ይገባል። የእርስዎ አሰነጣጠቅ በግማሽ ቀነሰው፣ የእኔ ሚዛን በግማሽ ቀነሰው። አንዱን ብናስቀር አይበቃም።

አናጢው፦ ሒሳቡ ያምራል። ወለሉ ግን እንደ አንድ ሳንቃ አይሄድም፤ ምስማሩ ይይዘዋል፣ ሙጫው ይይዘዋል።

መሐንዲሷ፦ ይይዘዋል። ሲይዘው ደግሞ ወደ ጎን መሄድ ያቃተው ወደ ላይ ይነሣል፤ ወይም ጠርዝ ለጠርዝ ተጨፍልቆ በበጋ ሲመለስ ክፍተቱ ይበልጥ ይሰፋል። ያዩት ይመስለኛል።

አናጢው፦ አይቻለሁ። እሺ፣ በሐምሌ የመጣብኝን ባለቤት ምን ልበለው? ሰውየው ቤት ተከራይቶ ነው ያለው። በየወሩ ይከፍላል። ቤቱን የሠራው ከእህል ከቡና ቆጥቦ ነው። «ኅዳር ጠብቅ» ብለው አራት ወር ኪራይ በእኔ ቃል ሊከፍል ነው። ጣውላውን ባዶ ቤት ከምሮ ቢሄድ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል፤ አለዚያ ሲመለስ ግማሹ የለም። ይህን ሁሉ አንቺ ሒሳብ ውስጥ አላስገባሽም።

መሐንዲሷ፦ አላስገባሁም፤ ማስገባት ነበረብኝ። መልሴ ይሄ ነው፦ በሐምሌ ይግባ፣ ግን ሊሾው ላይ ይግባ። ለስልሶ የተሠራ ሊሾ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይኖራል፣ ነውርም የለውም። ኪራዩ ይቆማል። ጣውላው ከእርሱ ጋር በአንድ ቤት ያድራል፣ በሚተነፍሱበት፣ ቡና በሚፈላበት፣ መስኮት በሚከፈትበት ቤት ውስጥ፤ ከሊሾው ከፍ ብሎ፣ በመሃሉ ነፋስ እንዲያልፍ ተደርድሮ። እርስዎ «ያልተኖረበትን ቤት ጠባይ ማን ያውቃል» ብለውኝ ነበር። ኖረውበት ይወቁታል። ኅዳር ሲደርስ ሊሾውም ደርቋል፣ ቤቱም ቤት ሆኗል፣ ያኔ ይነጠፋል።

አናጢው፦ ማለት ቀላል ነው። ሰው በገባበት ቤት ፓርኬ ነጥፈሽ አታውቂም። አልጋውን ማን ያወጣል? በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ የሚነሣው ዱቄት ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ? ቫርኒሹስ? እናትየዋ ሁለት ሌሊት ዘመድ ቤት ልታድር ነው።

መሐንዲሷ፦ ክፍል በክፍል ይሠራል። መኝታ ቤቱ ሲነጠፍ ሳሎን ያድራሉ። ወይም መፈግፈጉም ቫርኒሹም ወርክሾፕ ውስጥ ያልቅና ቤቱ ውስጥ መግጠም ብቻ ይቀራል።

አናጢው፦ ክፍል በክፍል ማለት አራት ጊዜ መመላለስ ነው። እኔ የምከፈለው በካሬ ነው። በካሬ ዋጋ አራት ምልልስ አይወጣም፤ የረዳቴን ቀን ማን ይከፍለዋል?

መሐንዲሷ፦ ስለዚህ ውሉ በካሬ ብቻ አይሁን። ሁለት ክፍያ ይጻፍበት፤ አንዱ እንጨቱን ለመደርደር፣ ለማቆየትና ለመመዘን፣ ሌላው ለማንጠፍ። መጠበቅ ሥራ ነው፤ እስካሁን ማንም ስላልከፈለበት ነው ማንም የማይጠብቀው። በምን በመቶ እንደተነጠፈም ውሉ ላይ ይስፈር። በጥር ስንጥቅ ቢወጣ ያ ቁጥር እርስዎን ይከላከልልዎታል፤ ዛሬ የሚከላከልልዎት ምንም የለም።

አናጢው፦ ይሄ የመጨረሻው ገባኝ። ቁጥሩ ውል ላይ ቢሰፍር ከብዙ ጭቅጭቅ ያድነኝ ነበር፤ ሚዛኑንም በራሴ ገንዘብ እገዛለሁ። ግን እኔ በዚህ ውል «ኅዳር» ስለው፣ ጎኔ ያለው አናጢ «ዛሬ ሐምሌ ነው፣ በሁለት ቀን ጨርሼ አስረክብሃለሁ፣ በካሬም ቀንሼልሃለሁ» ይለዋል። ስንጥቁ የሚታየው ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ ዋጋው ግን ዛሬ ነው የሚታየው። ያን ባለቤት እኔ ዘንድ የሚያቆየውን ነገር ንገሪኝ።

መሐንዲሷ፦ ሐምሌ ላይ የተነጠፈ ወለል ያላቸውን ቤቶች በጥር ያሳዩት። ብዙ መንገድ አይሄዱም፤ በዚያው ሰፈር ይኖራሉ።

አናጢው፦ ከእነዚያ ቤቶች አንዳንዶቹን የነጠፍኩት እኔ ነኝ ልጄ። ባለቤቶቹም አብረውኝ ሊሄዱ አይወዱም።

መሐንዲሷ፦ እንግዲያው ኅዳር ላይ ከሚነጥፉት የመጀመሪያው ቤት ይጀምሩ፤ ውሃውን መዝነው፣ ቁጥሩን ከዞኮሎው ጀርባ በእርሳስ ጽፈው። የሚቀጥለው ባለቤት ሲመጣ የሚያሳዩት እሱን ይሆናል።

አናጢው፦ የመጀመሪያው ቤት ኪራይ የማያስጨንቀው ሰው ቤት መሆን አለበት። እንደዚያ ያለው ሰው ደግሞ ከአዲስ አበባ አናጢ ያመጣል።